የኮሶዬው ጥያቄ

ሰኞ፣ ጥር 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጋዜጣው በአውቶቡስ ገባ። ፖ/ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ገለጥሁት። ሦስተኛ ገጽ። ወሬው የእኔ ነው፤ የእኔ አይደለም።

ከጎንደር ለጋዜጣው የላክሁት ወሬ ይህ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ተማሪዎች ከባዮሎጂ መምህራቸው ጋር ኮሶዬ ወጥተው ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ተመለከቱ። መምህሩ ሕያዋን ፍጥረታት በብዙ ትውልድ ቀስ በቀስ እንደሚለወጡ አስረዱ። አንድ ተማሪ ለውጡ ወዴት ነው የሚሄደው፣ ዓላማ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ፣ ሳይንስ እስካሁን ባደረገው ምርመራ ዓላማ አላገኘም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ትምህርት አይደለም ሲሉ መለሱ።

የታተመው ደግሞ ይህ ነው፦ «ፍጥረት ዓላማ የለውም ሲሉ አንድ የጎንደር መምህር አስተማሩ»። አርእስቱ ነው። ከሥሩ «እስካሁን» የለም። «ሳይንስ» የለም። «የእኔ ትምህርት አይደለም» የሚለው ጭራሽ የለም። ዝንጀሮው አለ። የመምህሩ የደጀኔ ስም ከነአባቱ አለ። የእኔም ስም ከታች አለ።

አ.አ. ተቀምጦ መቀስ የያዘ አዘጋጅ ኮሶዬን አያውቅም። ደብተሬ፣ ሙሉውን ለአንተ ልጻፍልህ፤ አንተ አትቆርጥም።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወንጭፉን ይዞ አውድማውን ይጠብቃል። ልጁ ስለ ዓላማ ሲጠይቅ ሽማግሌው ሰምቶ ሳቀ። «ምነው እኔን አትጠይቁኝ፣ ልጆቼ?» አለ። «የዝንጀሮ ዓላማ ገብሴ ነው።» ሁሉም ሳቁ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ደጀኔ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ያንን መልስ ረጋ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ የሰጠው። ቃል ሲመርጥ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ነው አንዷንም ሳልጥል የላክሁት።

ደጀኔ ወዳጄ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ሚስቱ የሺ ጥር 1 ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። የካቲት 10 አርባ ቀኑ ይሞላል፤ እሑድ ነው፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ። ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ። የፊተኛው ልጃቸው አርባ ሳይሞላው፣ ሳይጠመቅ ሞቷል። የሺ ይህን ቀን እንዴት እንደምትጠብቀው ከተማው ሁሉ ያውቃል።


ማክሰኞ፣ ጥር 21፣ ማታ

አስተርእዮ ማርያም። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ዘውዱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ከካባቸው ሥር ጋዜጣ አወጡ።

ቄስ ዘውዱ የደጀኔ ቤት የንስሐ አባት ናቸው። የእኔም ናቸው። ጥሩ ያነብባሉ። አርእስቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጋዜጣውን አጠፉና መስቀላቸውን አነሡ። «ይህን ያለ ሰው ቃሉን እዚሁ ማርያም ፊት እስኪመልስ ድረስ፣ ከቤቱ የበላ የጠጣ፣ ልጁን ያጠመቀ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ።»

ግዝት ማለት ቀልድ አይደለም። የገዘተው ራሱ ካልፈታው ሌላ ካህን አይነካውም። አዘዞ ብትሄድ፣ ደባርቅ ብትሄድ፣ የማን የንስሐ ልጅ ነህ ብለው ይመልሱሃል። ሕዝቡ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልሁ። አንገቴ ከእኔ ቀድሞ ጎነበሰ። እስካሁን ያናደደኝ ይኸ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ቀርቤ አስረዳኋቸው። ቃሉ ተቆርጧል፤ ሰውየው እንዲህ አላለም፤ የላክሁት ግልባጭ ቤቴ አለ፤ አምጥቼ ላሳይዎ። ሰሙኝ። ሕዝቡ ያነበበው ግልባጭህን አይደለም አሉኝ። ከታች ያለው ስም የማን ነው ብለውም ጠየቁኝ። ሄድሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 23

ለዋና አዘጋጁ ቴሌግራም፦ ማስተካከያ እንዲወጣ። መልሱ ከቀኑ 8 ሰዓት መጣ፦ ቦታ የለም። ለዝንጀሮው ቦታ ነበረው።

ት/ቤት ሄድሁ። ዲሬክተሩ ወንበር ስቦልኝ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እርሱ በበኩሉ ነገሩን እንደሚረዳ ነገረኝ። ኢቮሉሽን የሚሉትን ምዕራፍ እርሱም በተማሪነቱ ተምሮታል፣ ፈተናም አልፎበታል። ነገር ግን ነገሩ እስኪበርድ ደጀኔ ክፍል አይገባም። መጽሐፍ ቤቱን ይጠብቃል። ይህን ሲናገር ጣራውን ያያል። እንደዚህ ያለ ሰው በሩን ክፍት ትቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ የሺ። ቤቱ ጭር ብሏል። ባለፈው ሳምንት በየሰዓቱ ገንፎ ይዞ የሚገባ ጎረቤት አሁን ከደጅ ነው የሚመለሰው። ውኃ የምታመጣው ሴት እንስራውን አጥሩ ጥግ አስቀምጣ፣ ሳትጣራ ተመልሳለች። ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ግድግዳ የምትጋራቸው፣ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እርሷም ልጆች አሏት፣ ግዝት ደግሞ ግዝት ነው።

ደጀኔ ራሱ ገንፎ አገንፍቷል። ጓጉሏል። ሁለት ሰሐን በላሁ። እንግዲህ እኔም ከተገዘቱት ነኝ።

ስበላ ተቆጣሁት። አንዲት ቃል ናት አልሁት፤ «አለው» በልና ቤትህ ግባ። ልብህ ውስጥ ያለውን ማን ያያል? ለልጅህ ስትል አትልም? ድምፄ ከፍ አለ። ደጀኔ ሰሐኑን እያጠበ፣ አልልም አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። የበለጠ ጮህሁ። ከመጋረጃው ኋላ ሕፃኑ አለቀሰ። የሺ፣ «አያ ንጉሤ፣ ይተዉት፤ ዛሬ ደክሞታል» አለች። እንደ ልጅ ተቆጥቼ ወጣሁ።


እሑድ፣ ጥር 26

ቅዳሴ አልሄድሁም። የኔታ ፈንታ ዘንድ ሄድሁ። ትርጓሜ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው፤ ምላሳቸውን ቄሶቹ ራሳቸው ይፈሩታል። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋዜጣው እርሳቸውም ዘንድ ደርሷል፤ በርበሬ ቋጥረውበታል።

ከቄሱ በላይ አዋቂ ስለሆኑ ይረዱኛል ብዬ ነበር። እርሳቸውም ተቆጡ። መጀመሪያ የተቆጡት በደጀኔ ነው።

ዝንጀሮ ከሰው ቀድሞ ተፈጠረ ቢል አልቆጣም አሉ። ሥነ ፍጥረትም አራዊቱን ከሰው ያስቀድማል። ሥጋ ይለወጣል ቢልም አልቆጣም፤ እኔን ተመልከተኝ፣ ሞንዳላ ነበርሁ። ነገር ግን ዓላማ የለውም ለማለት ከየት ላይ ቆሞ አይቶ ነው? ከኮሶዬ ገደል ላይ? ከዚያ የሚታየው ቆላው ብቻ ነው።

እንዲያ አላለም አልሁና ግልባጩን አነበብሁላቸው። «እስካሁን» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። ድገማት አሉኝ። ደገምሁ። ከዚያ ቁጣቸው ወደ ቄሱ ዞረ።

«የለም ያለውም አየሁ ባይ ነው» አሉ። «ይኸውልህ ዓላማው ብሎ የተናገረውም አየሁ ባይ ነው። ያ ልጅ ግን አላየሁም ነው ያለ። ዘውዱ እኮ ከፊደል ጀምሮ እኔ ያስተማርሁት ነው። አላየሁም ያለን ሰው ይገዝታል?»

እንግዲያው ያነጋግሩልኝ አልሁ። አይሆንም አሉ። ግዝትን በክርክር ያስፈታ ሊቅ የለም፤ እኔ ከገባሁበት ዘውዱ በተማሪዎቼ ፊት ተሸንፎ አይፈታም፣ ያጠብቀዋል። ያ ሰው ራሱ ካልደነገጠ አይመለስም።

ስለዚህ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይቆጣል፣ ሁሉም ተቀምጧል። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ ወንበር ላይ፣ አንዱ አ.አ.። ሕፃኑ ብቻ ነው ቀን የሚሞላበት።


ረቡዕ፣ ጥር 29፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ደጀኔ ከመጽሐፍ ቤቱ ሲወጣ ጠበቅሁት። ወደ ፀዳ በሚወስደው መንገድ ተራመድን። ስለጮህሁበት ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ሳይሆንልኝ እንደገና ተጨቃጨቅን። ሃይማኖትህን ክደሃል ወይ አልሁት በመጨረሻ። እንደ ቀበሌ ዳኛ።

ቆመ። ማኪና አለፈ፤ አቧራው ሲበተን የፊተኛውን ልጁን ነገር ጀመረልኝ።

የፊተኛው ልጁ ሌሊት ነው የሞተው። ሳል ነበረበት። ቄስ ዘውዱ ጠዋት ሲደርሱ አልቆ ነበር። ያልተጠመቀ ስለሆነ ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ፣ ወይራው ሥር፣ ሁለት ሰዎች ሆነው ቀበሩት። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነበር። ለሳምንታት የገባ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነበር የሚለው። ለበጎ ነው። እግዚአብሔር ዓላማ አለው። ቄስ ዘውዱም መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ይኸንኑ ብለዋል። የሺ ጡቷ ወተት ሞልቶ፣ በጨርቅ አስራው፣ ለእያንዳንዱ አሜን ትላለች። እርሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል።

«አያ ንጉሤ፣ እግዚአብሔር የለም አላልሁም» አለኝ። «አለው በል የሚሉኝ እኮ ዝንጀሮውን አይደለም። ልጅህን በዓላማ ነው የገደለው በል ነው የሚሉኝ። ይህን በማርያም ደጅ ቆሜ አልልም። ሁለተኛው እንዲጠመቅ የፊተኛውን አልሸጥም።»

የዛሬ ስድስት ቀን «አንዲት ቃል ናት» ብዬው ነበር። ቃል ስመዝን የኖርሁ ሰው ነኝ።


ሰኞ፣ የካቲት 4

ጠዋት ቄስ ዘውዱ ቤት። ባለቤታቸው አስገባችኝ። እርሳቸው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ነክረዋል፤ ደመና የመሰለ ጨለማ ጥሰው አርማጭሆ በሽተኛ ሊያቆርቡ ሄደው፣ አድረው ነው የተመለሱት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እናቴን የቀበሩ እርሳቸው ናቸው፤ በዝናብ፣ ያለ ጃንጥላ።

ከሀገረ ስብከት ጠይቀዋቸዋል። በደብርህ ይህ ሲነገር የት ነበርህ ተብለዋል። ስለዚህ ፈርተዋል። ፍርሃታቸውን ሃይማኖት ነው ይላሉ።

የሚፈልጉትን ቆጥረው ነገሩኝ። እሑድ ጠዋት፣ ከጥምቀቱ በፊት፣ ደጀኔ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ፍጥረት ሁሉ ዓላማ አለው፣ ተሳስቻለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ መምህሩ ተጸጽተው ተመለሱ ብዬ ለጋዜጣው እልካለሁ። ይህ ከሆነ ሕፃኑ ይጠመቃል።

«ዓላማውን አላውቅም» ቢልስ አልሁ። ይህንን በደስታ ይላል። እውነትም ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አለው» ነው የሚፈለገው። የልጁን ነገር፣ የወይራውን ነገር፣ ደጀኔ በመንገድ ላይ ያለኝን አነሣሁባቸው። እግራቸውን ከውኃው አወጡና ማድረቅ ጀመሩ። ያ ሌላ ነገር ነው አሉኝ። ሌላ ነገር!

ማታ። መብራቱን አቅርቤ ተቀመጥሁ። «መምህሩ ተጸጽተው ተመለሱ» ብዬ ጻፍሁ። ሃያ ዓመት በሙሉ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ልኬ አላውቅም። ሌላው ሲቆርጥብኝ ኖሯል፤ አሁን በገዛ እጄ ልጨምር ነው። ለሕፃኑ ስል። ለእርሱ ስል የማላደርገው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አላጠፋሁትም፣ አልላክሁትም።


ዓርብ፣ የካቲት 8

አሁን የሆነውን ቶሎ ልጻፍ፤ ሳልረሳ አይደለም፣ ሳላሳምረው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ቄስ ዘውዱን አንድ ጊዜ ልለምን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግቢው ውስጥ ቆሜያለሁ። በሩ ላይ ሴቶች ድምፅ አሰሙ። ዞር ስል የሺ ናት።

አራስ ናት። አርባዋ አልሞላም። ከቤት አትወጣም፣ ፀሐይ አያያትም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። አራስ ያለ ብረት አትንቀሳቀስምና መቀነቷ ውስጥ የወጥ ቤት ቢላዋ ሰክታለች። ሕፃኑን ለደጀኔ ትታ፣ የት እንደምትሄድ ሳትነግረው፣ ግድግዳ እየያዘች ነው የመጣችው። አንዷ ሴት፣ ኧረ ይቺ ልጅ ልትሞት ነው፣ መልሷት አለች። ማንም አልነካትም። ግዝት አለባት።

ከበሩ ውጭ ቆመች። ደፉን አልረገጠችም። ቄስ ዘውዱን ጥሩልኝ አለች።

ወጡ። ተቆጥተው ነው የወጡት። «ምነው ልጄ! አርባሽ ሳይሞላ!»

«አባቴ፣ አልገባም፤ እዚሁ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ባሌ ዓላማ አለው ይበል ብለዋል አሉኝ። ይላል። እኔ አስብለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያ የፊተኛው ልጄ፣» በእጇ ግንቡን አሳየች፣ «ለምንድን ነው የሞተ? አንቱ ዓላማ አለው ብለውኛል፤ አሜን ብያለሁ። ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። እርሱን ይንገሩኝና እሑድ ባሌን እጁን ይዤ አመጣዋለሁ።»

ቄስ ዘውዱ አፋቸውን ከፈቱ። የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየለቅሶ ቤቱ የሚሉት ነው። እርሷ ፊታቸውን እያየች ትጠብቃለች። የምትሳለቅ አይደለችም። መልሱን ፈልጋ ነው የመጣችው። ይህን እርሳቸውም አዩ፤ የሰበራቸው ይህ ይመስለኛል። መስቀላቸውን ሊባርኳት አነሡ፤ መልሰው አወረዱት።

«አላውቅም፣ የሺ» አሉ።

«እንግዲያው ባሌም አያውቅም» አለች። እጅ ነሥታ ዞረች።

ተከትያት ሄድሁ። እንድትደገፈኝ ክንዴን ሰጠኋት፤ ያዘችው። ቤቷ ደጃፍ ስንደርስ፣ ምን ያህል ቆየሁ፣ ሕፃኑ ተርቦ ይሆን አለች።

ማስታወሻ መያዣዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ እጄ ሄዶበታል። በራሴ እጅ እንኳ ተናደድሁ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 9፣ ማታ

ጠዋት ቄስ ዘውዱ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱን ፈቱ። ምክንያት አልሰጡም። ገዝቼ ነበር፣ ፈትቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታ፤ ይህን ብቻ። ወደ እኔ ዲያቆን ልከው ነገ ሕፃኑን በጊዜ ይዛችሁ ኑ አሉ። ስለ ጋዜጣው ምንም አላሉም። ሀገረ ስብከቱ ምን እንደሚያደርጋቸው አላውቅም። እርሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ደስ ሊለኝ ይገባል። አልበረደልኝም። ወይዘሮ ብዙነሽ ዛሬ ገንፎ በቅቤ አስጊጣ፣ እየሳቀች ገባች፤ ከኋላዋ አራት ሴቶች። እንስራዋም ቤት ውስጥ ገብታለች። የሺ ሁሉንም ተሳመች። እኔ ውጭ ቆየሁ። ደጀኔ ገና መጽሐፍ ቤት ነው፤ ዲሬክተሩ ጾሙ ይለፍ ብሏል። ደጀኔ ሳቀ፤ የመጽሐፍ ቤቱ ቁልፍ በእጁ ስለሆነ ተማሪዎቹ ምዕራፉን ራሳቸው እየመጡ ያነብቡታል።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን «ተጸጽተው ተመለሱ» ቀደድሁት።

ወሬው አ.አ. ደርሷል፤ ከቀትር በኋላ ከዋና አዘጋጁ ቴሌግራም። የመምህሩና የካህኑ ክርክር የት ደረሰ፣ ሙሉውን ላክ፣ አንደኛ ገጽ ይዘንልሃል።

ተቀምጬ ጻፍሁት። አንድ ገጽ ተኩል። የበሩ ደፍ አለ፣ ቢላዋው አለ፣ የተነሣው መስቀል አለ። እያንዳንዱ ቃል ቦታው ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ ጽፌ አላውቅም። አነበብሁት። አዘጋጁ ሲያነብበው መቀሱ የት ላይ እንደሚያርፍ አየሁ። አርእስቱንም አየሁት፦ «አላውቅም ሲሉ አንድ የጎንደር ቄስ ተናገሩ»። የሺም ከነአባቷ ስም ትወጣለች። ከዚያ ሌላ ደጀ ሰላም ላይ ሌላ ሰው ጋዜጣ ያነሣል።

እሳት ውስጥ ከተትሁት። ፖ/ቤት ሄጄ መልስ ሰጠሁ፦ ዜና የለም።

እንግዲህ ነገ። ሕፃኑን አቅፌ እገባለሁ፣ ስለ እርሱ ሰይጣንን እክዳለሁ፣ ስለ እርሱ አምናለሁ። ከቄስ ዘውዱ እጅ እቀበለዋለሁ። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደ ቅበላው ሲሄድ እርሳቸውን አስቀራለሁ። በግንቡ ዞረን ወይራው ሥር እንሄዳለን። ፍትሐት አድርሱ አልላቸውም፤ ሥርዓቱ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ምንም እንዲናገሩ አልፈልግም። በተለይ ለበጎ ነው እንዳይሉኝ። እንዲቆሙ ነው የምፈልገው። እስኪደክማቸው ድረስ፣ ዝም ብለው፣ እዚያ እንዲቆሙ። እምቢ ካሉ ብቻዬን እቆማለሁ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ለምን እንደቆምሁ ይጠይቀኝ።